ዘይት ያልሆነው ዘይት

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ግራ እግሩ ሥራ አይፈታም። ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ። የልዩነቱን ዕዳ የሚከፍለው ፍሪሲዮን ነው።

ፍሪሲዮን ጣሊያንኛ ነው፦ «ፍሪትሲዮኔ»። ጥንዱ «ትስ» አማርኛ አፍ ላይ ወደ «ስ» ቀለለ፤ መጨረሻው «ኔ» ወደ «ን» አጠረ። ወደ ኋላ ቢሄዱ የላቲኑን «ፍሪካሬ» ያገኛሉ፤ ማሸት፣ መፈተግ ነው። አንዱን ዕቃ እያንዳንዱ ሕዝብ በመሰለው በኩል አይቶታል። እንግሊዝ «ክላች» ሲል መጨበጡን፣ ጀርመን «ኩፕሉንግ» ሲል ማጣመሩን፣ ጣሊያን ደግሞ የሁለቱን ገጾች መፋተግ አየ። አማርኛም ለዚሁ መፋተግ የራሱ ቃል አለው፤ የፊዚክስ መምህር «ሰበቃ» ይለዋል። ሰበቀ ማለት ጦርን ነቀነቀ፣ እንጨትን በእንጨት አሽቶ እሳት አወጣ ማለት ነው። ነገር ሰባቂም ከዚሁ ይወለዳል፤ ሰውን ከሰው አፋትጎ ጭስ የሚያስነሣ። ስለዚህ አንድ የጭሮ ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰበቃ ብሎ፣ ከሰዓት አባቱ መኪና ሥር ፍሪሲዮን ይላል። ሁለቱ በትርጉም ወንድማማች መሆናቸውን የሚነግረው የለም።

ከተማዋም ራሷ ባለ ሁለት ስም ናት፤ ሆሄ ለሚወድ ሰው በሁለቱም ላይ ሥራ አለ። በኦሮምኛ ቁቤ ስሟ የሚጀምረው በላቲኑ «ሲ» ነው። የቁቤ «ሲ» የሚወክለው የእኛን «ጭ» ነው፤ «ች» የሚጻፈው «ሲ»ንና «ኤች»ን በማጣመር ነው። እንግዲህ ልክ የሆነው ጭሮ ነው። «ቺሮ» የሚለው በእንግሊዝኛ ካርታ በኩል ዞሮ የተመለሰ አጻጻፍ ነው።

በአሮጌ ስሟ፣ በአሰበ ተፈሪ ላይ ነገሩ ይረዝማል። ተፈሪ ከግእዙ «ፈርሀ» ነው፤ ሌላው የሚፈራው፣ የሚያከብረው ሰው። «አሰበ»ን ግን በየትኛው አ እንጻፈው? በሐ ከሆነ ሐሰበ ነው፤ ቈጠረ፣ ዐቀደ፤ ሒሳብና ባሕረ ሐሳብ የወጡበት። ያኔ ስሙ «ተፈሪ አሰበ» ማለት ሆኖ ግሱን በግእዝ ወግ ያስቀድማል። በዐ ከሆነ «ዐስብ» ነው፤ ደመወዝ፣ ዋጋ። በተናባቢ ሲነገር «ዐስበ ተፈሪ» ይሆናል፤ የተፈሪ ዋጋ። የቆዩ የአውሮፓ ካርታዎች «አስባ ታፋሪ» ብለው ስን ሳድስ አድርገው ይጽፉታል፤ ይህ ለሁለተኛው ንባብ ይመቻል። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ደብረ፣ ቤተ፣ ሀገረ እያሉ በተናባቢ መሰየም የቆየ ልማድ ነውና። በአልፋው አ የተጻፈ ሰሌዳ ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል።

የጋራዥ ቃላት ወደዚህ አገር የገቡባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሐዲዱና ወረራው።

ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ በሚኤሶ አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909። የሐዲዱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሀር «ላ ጋር» መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ጋራዥ የለገሀር እኅት መሆኗ ግን አይነሣም። ሁለቱም «ጋሬ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ፤ ወደ ዳር አስጠግቶ ማቆም ነው። ግሱ ደግሞ ከጥንት ጀርመናዊ ሥር የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጠበቅ ነበር። ሾፌርም ፈረንሳይኛ ነው፤ «ሾፌ» አሞቀ ማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚቈሰቍሰው ሠራተኛ ስም ነበር፤ ከዚያ ወደ መኪና ነጂው ተሻገረ። ባቡር ራሱ «ቫፐር» ነው፤ እንፋሎት፤ በዐረብኛ አፍ «ቫ» «ባ» ሆኖ የገባ። ድሬዳዋ ዛሬም ሸምደፈር ሲል «ሼማን ደ ፌር» ማለቱ ነው፤ የብረት መንገድ።

ሁለተኛው መንገድ የ1928–1933ቱ ወረራና ተከትለውት የቀሩት የጭነት መኪናዎች ናቸው። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተባለ፤ ሠላሳ አራት። ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ» ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረው የ682 ቤተሰብ አባል ነው። ቁጥሩን ማንም ወደ አማርኛ አልመለሰውም። የሞዴል ቁጥር የተጸውዖ ስም ሲሆን እንዲህ ነው፤ ትርጉሙ ይጠፋና ድምፁ ይቀራል። አካባቢውን ዛሬ የሞላው አይሱዙ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የተሳፋሪ አካል ሲገጠምለት «ቅጥቅጥ» ይባላል፤ ከቀጠቀጠ። ጃፓናዊው ሞተር በመዶሻ ድምፅ ተጠመቀ።

ረዳቱን ሳንጠቅስ አንለፍ። ረዳት ከግእዙ ረድአ ነው። ከዚሁ ሥር ረድእ፣ በብዙ አርድእት ይወጣል። ሰባ ሁለቱ አርድእትና ዳገት ላይ ከጎማ ኋላ ታኮ የሚወረውረው ልጅ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ታኮው ግን ጣሊያን ነው፤ «ታኮ» ተረከዝ ማለት ነው። የሴት ጫማ ታኮና የጭነት መኪና ታኮ እኛ ዘንድ አንድ ስም ያላቸው በዚህ ነው።

ወደ ማርሹ እንምጣ። ካምቢዮ በጣሊያንኛ ልውውጥ ነው፤ ከኋለኛው ላቲን «ካምቢያሬ» የመጣ፣ ላቲኑም ከጋሊያ ኬልቶች የተበደረው ነው ይባላል። ማርሽ የሚለው ቃል አባት ሁለት ነው። ድምፁ ወደ ፈረንሳይኛው «ማርሽ» ይቀርባል፤ ከጣሊያንኛው «ማርቻ» ቢመጣ ቻ ባልጠፋች ነበር። ጥርስ የሚለው የጋራዥ ፍቺው ግን የጣሊያንኛው ነው። ሙዚቃ ላይ ሰልፍ፣ መኪና ላይ ጥርስ፣ ሩጫ ላይ ደግሞ ምሩጽ ይፍጠር። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ 5,000ንም 10,000ንም ሲያሸንፍ የመጨረሻው ዙር ላይ ያወጣት ፍጥነት «ማርሽ ቀያሪው» አሰኘችው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ግእዝ ለሩጫ «ሮጸ» ስለሚል፣ ምሩጽን «የሮጠ» ብሎ መፍታት ያጓጓል። ስሙ ግን ትግርኛ ነው፤ ከመረጸ፣ አማርኛው መረጠ። ምሩጽ ማለት ምርጥ ነው። ግእዝና ትግርኛ ጸ የሚሉት ቦታ ላይ አማርኛ ጠ ሲል ይህ የመጨረሻው ምሳሌ አይደለም፤ ፔዳሉ ላይ እንደርሳለን።

ፍሪሲዮን ሲበላሽ ምልክቱ የታወቀ ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ማርሽ እየጮኸ ይገባል፣ ወይም አልገባም ይላል። ጋራዥ ሩቅ ከሆነ ወይም ኪስ ካልፈቀደ፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶና በደሳ መኪናውን ግቢ አስገብቶ መፍታት ያለ ነገር ነው። ሸራ መቀየር ካምቢዮ ማውረድ ስለሚጠይቅ ለግቢ ይከብዳል። የላይኛውንና የታችኛውን ፓምፕ መጠገን ግን በጥቂት መፍቻና በአንድ ረዳት ይቻላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ፓምፖች «ጌታ» እና «ባሪያ» ብሎ ይጠራቸዋል። የላይኛውና የታችኛው ማለት የተሻለ ነው፤ ቢያንስ የት እንደሚገኙ ይናገራል።

ጠገነ የአጥንትም ግስ ነው፤ ስብራትም ብረትም ይጠገናል። ኦሮምኛው «ሱጱ» ይለዋል፤ መጠገን፣ ማደስ። ጰ አማርኛ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከግሪክ በተዋስናቸው በጴጥሮስና በጳጳስ ተወስና የምትኖር ፊደል ናት። ኦሮምኛ አፍ ላይ ግን የዕለት ተዕለት ድምፅ ናት፤ ጭሮ ግቢ ውስጥ ከመዶሻ ጋር ትሰማለች።

ጥገናው የሚጀምረው በ«ፈታ» ነው። ይህን ግስ ከወደድሁት ሁሉ አስቀድማለሁ። ግእዙ ፈትሐ ነው፤ ከፈተ፣ ለቀቀ፣ ፈረደ። ፍትሕ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ ፍቺ፣ መፍቻ አንድ ቤት ናቸው። እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ብሎን ይፈታል። የተፈታውን መልሶ ማገናኘት ደግሞ «ገጠመ» ነው፤ ከእርሱ ግጥም ይወጣል። ቤት የሚመታ ስንኝና ቦታው ላይ ልክ የሚቀመጥ ፒስተን በአንድ ግስ ይመሰገናሉ።

ብሎን ጣሊያንኛ «ቡሎኔ» ነው፤ ጣሊያንም ከፈረንሳይኛው «ቡሎን» ወሰደው፤ ትንሽ ኳስ። ኳሱ «ቡል» ደግሞ ከላቲኑ «ቡላ» ነው፤ አረፋ። ይህን አረፋ አንርሳው፣ ሥራ አለው። ዳዶ በጣሊያንኛ የቁማር ዳይ ነው፤ የድሮ ዳዶ አራት ማዕዘን ስለነበር። ካቻቢቴ «ካቻቪቴ» ነው፤ «ቪቴ» ጠመዝማዛ ብሎን ነው፣ ከዚያ በፊት ግን የወይን ተክል ነበር፤ የወይን ሐረግ እየተጠማዘዘ ስለሚይዝ ብሎኑ ስሙን ወሰደ። ኩሽኔታ «ኩሺኔቶ» ነው፤ ትንሽ ትራስ። ብረት ብረትን ሳይፈጭ እንዲዞር የሚደገፍበት ትራስ መሆኑን ሲያዩ ስሙ አይበዛበትም።

አሁን ሸራ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ እንላለን፤ ሸራ ግን ጨርቅ ነው፣ ድንኳን የሚሆን፣ በጭነት ላይ የሚዘረጋ። ከዐረብኛው «ሺራዕ» ጋር ይያያዛል፤ የመርከብ ሸራ። ዛሬ ሸራውን የሚያይ ሰው ጠንካራ ጥቁር ቅጥልጥል ነገር ያያልና ስሙ ግራ ያጋባዋል። ስሙ ግን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዎቹን የፍሬን ገጾች ሲሠራ የተሸመነ የጥጥ ቀበቶ ነበር የተጠቀመው። ድርጅቱን ፌሮዶ አለው፤ የገዛ ስሙን ፊደላት አዟዙሮ የሚስቱን የኤልሳቤጥን የመጀመሪያ ፊደል ጨምሮበት። ጣሊያን እስከ ዛሬ የፍሬን ሸራን «ፌሮዲ» ይላል። ከጥጡ በኋላ የመጣው አስቤስቶስም የሚሸመን ማዕድን ነው፤ ግሪኩ «የማይጠፋ» ማለቱ ነው። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ አሮጌ ሸራ ያለበትን ቤት በአየር መንፋት አይገባም። እንግዲህ ሸራ ያልነው ጨርቅነቱን ሳይረሳ የቀረ ስም ነው፤ ዕቃው ተለወጠ፣ ቃሉ መጀመሪያ ያየውን ይመሰክራል።

ፍሬንም እንዲሁ የኋላውን ያስታውሳል። የጣሊያንኛው «ፍሬኖ»ና የፈረንሳይኛው «ፍሬን» አያት የላቲኑ «ፍሬኑም» ነው፤ የፈረስ ልጓም። ልጓም ግእዝም ነው፣ ሶርያም፣ ዐረብም «ሊጃም» ይላል፤ መነሻውን ከፋርስ የሚያደርጉት አሉ። ለጐመ ብሎ ልጓም ያገባውን ከልግመኛው ለገመ ጋር ማምታታት አያስፈልግም፤ ዳገት ላይ እምቢ ያለ መኪና ግን ሁለቱንም ያስታውሳል።

በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ዋና ቁም ነገር ያለው ሃይድሮሊክ ላይ ነው። ግሪኩ «ሂዶር» ውሃ ነው፤ «አውሎስ» ቱቦ፣ ዋሽንት። በእስክንድርያ በ3ኛው መቶ ዘመን ከልደተ ክርስቶስ በፊት የነበረው ክቴሲቢዮስ በውሃ ግፊት የሚነፋ ኦርጋን ሠራና «ሂድራውሊስ» ተባለ። የጭነት መኪና ፍሪሲዮን በስሙ የውሃ ዋሽንት ነው። አሠራሩም አይርቅም። እግር ሲረግጥ የላይኛው ፓምፕ ፈሳሹን በቱቦ ይገፋል፤ የታችኛው ተገፍቶ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ሸራውን የጨበጠውን ሰሌዳ፤ ሸራው ይላቀቃል።

ስሙ ውሃ ይላል። ጋራዡ ደግሞ «የፍሬን ዘይት» ይላል። ፈሳሹ ሁለቱም አይደለም።

ዘይት በግእዝ ወይራ ነው፤ ዛፉም ፍሬውም። ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ቅጠል፣ ኢየሩሳሌም ያለው ደብረ ዘይት፣ የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ፣ ሁሉም ይህ ዛፍ ነው። ዕብራይስጡ «ዛይት»፣ ዐረብኛው «ዘይቱን»። አማርኛ ለዛፉ ወይራ የሚል ሌላ ስም ስለያዘ፣ ዘይት ከዛፉ ተነቅሎ ወደ ፈሳሹ ሄደ፤ ኑግም ዘይት፣ ሞተርም ዘይት፣ የማይቀባም ዘይት። የምዕራብ ሐረርጌ ደጋ ወይራ አለው፤ ኦሮምኛው «ኤጀርሳ» ይለዋል። ልጅ ተፈሪ፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱባት ኤጀርሳ ጎሮም ስሟን ከዚሁ ዛፍ አገኘች። የከተማችን አሮጌ ስም ባለቤት በወይራ መንደር ተወለዱ ማለት ነው፤ የዚያ ወይራ ጥቅም ግን እንጨቱና ጭሱ ነው እንጂ ዘይቱ አይደለም።

በአብዛኞቹ ጭነት መኪናዎች ፍሪሲዮን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከግላይኮል ዘር ነው፤ ጣሳው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል። ዶት የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምሕጻር ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ መቆየት አለበት። ይህ ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃው ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። በስሙ ያለው ውሃ ጠላቱ ነው። እውነተኛ ዘይት ደግሞ የባሰ ጠላት ነው። «ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ፔዳሉ ወርዶ አይመለስም። የተፈታ ፓምፕን በናፍጣና በቤንዚን ማጠብም በዚያው ምክንያት አይበጅም፤ በራሱ ፈሳሽ ወይም በአልኮል ይታጠባል። የሲሊንደሩ ውስጥ በጥፍር የሚሰማ ጭረት ካለው አዲስ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም። ሸራ የሚለው ስም እውነቱን አቆየ፤ ዘይት የሚለው ብር ያስከፍላል። የፍሬን ፈሳሽ ብንለው ይሻል ነበር፤ የሚለው ሾፌር ግን አላገኘሁም።

ጎሚኒ የጎማ ልጅ ነው፤ ጣሊያንኛ «ጎሚኖ»፣ በብዙ «ጎሚኒ»፤ እኛ ብዙውን ለአንድም ለብዙም ወሰድነው። «ጎማ»ን ወደ ኋላ ቢከተሉት ላቲኑ «ጉሚ»፣ ግሪኩ «ኮሚ»፣ ከዚያ የጥንት ግብፅ ቃል። መጀመሪያ የግራር ሙጫ ነበር። ሄሮዶቱስ ግብፆች የሬሳ መግነዣውን የሚያጣብቁበት «ኮሚ» ነው ብሎ ጽፏል። ግራር ሞልቶ በተረፈበት በሚኤሶ ቆላ ቃሉ ሙጫውን ረስቶ ጎማ ሆኖ ሲመለስ ማንም አላወቀውም።

ጎሚኒው ተቀይሮ ከተገጠመ በኋላ አየሩን ማስወጣት ይቀራል። አየር የግሪክ ቃል ነው፤ ወደ ግእዝ የገባው በመጻሕፍት ትርጉም ነው። ሃይድሮሊክም ግሪክ ነው፤ እርሱ ግን በአውሮፓ ፋብሪካ በኩል ዞሮ መጣ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ውስጥ ተገናኙ፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይሠራም። አየር ይታመቃል፣ ፈሳሹ አይታመቅም፤ የእግር ኃይል አረፋ ላይ ያልቃል።

ሥራው ሦስት ትእዛዝ አለው፦ ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ረገጠ ግእዙ ረገጸ ነው፤ ቃል የገባሁት ጸና ጠ። ያዘ ግእዙ አኀዘ ነው፤ ኀን ጥሎ እስኪታወቅ ድረስ ተለወጠ። ረዳቱ ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል። ሥር የተኛው ሰው ታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይፈታል፤ ፈሳሹ ከአረፋው ጋር ይወጣል። ብሎኗን ያጠብቃል፣ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ» ይላል። ቀድሞ ከተለቀቀ የወጣው አየር በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይሳባል። ከላይ ያለው የፈሳሽ ዕቃ ደርቆ ከተገኘም ሥራው ከሀ ይጀመራል። አረፋ ለማስወጣት የሚፈታው ብሎን በዘር ሐረጉ ራሱ አረፋ ነው፤ ቡላ።

«ይጠብቃል» የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ብ ሲጠብቅ ረዳቱ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ብ ሲላላ ብሎኑ ይጠብቃል። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም፤ የሰዋስው መምህራን ግን «ጠብቆ»፣ «ላልቶ» ሲሉ የብሎንን ቋንቋ ነው የተዋሱት።

የተጠገነው ፍሪሲዮን የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። በጭሮ ዙሪያ ካሉት ከፍታዎች አንዱ አርበረከቴ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ አርባ ምንጭን እያሰበ 40 ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ኦሮምኛው ግን «አርባ» ሲል ዝሆን፣ «ረከቴ» ሲል ተቸገረ ማለቱ ነው። የሐረርጌ ዝሆን ዛሬ የሚገኘው በምሥራቅ፣ በባቢሌ ነው፤ እዚህ የሚቸገሩት ኤንትሬና አይሱዙ ናቸው።